ራዳር የማይለየው «ትንሹ» ኑክሌር

የአሜሪካ ኮንግረስ ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮስ አዲስ የኑክሌር ክሩዝ ሚሳይል እስከ እ.ኤ.አ. 2034 ለአገልግሎት እንዲደርስ በሕግ ማስገደዱ አልበቃ ብሎት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን ለማፋጠን 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨመረለት። የባይደን አስተዳደር አያስፈልግም ብሎ ሊሰርዘው የነበረ መሣሪያ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያናድደው ግን ምክንያቱ ነው፦ ጉልበቱ አነስ ያለ ኑክሌር በእጃችን ካለ ጠላት ይፈራል፣ ጦርነቱም ይርቃል ይሉናል።

ይህን ከ2018ቱ የፔንታጎን የኑክሌር ፖሊሲ ሰነድ ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ሰነዱን ተከትሎ ደብሊው 76-2 የተባለ የኑክሌር አረር ከሰርጓጅ መርከብ በሚተኮሰው ትራይደንት ባሊስቲክ ሚሳይል ላይ ተገጠመ። ጉልበቱ 5 ኪሎ ቶን (የ5 ሺህ ቶን ፈንጂ ያህል) ገደማ ነው ይባላል፤ ሂሮሺማን ያነደደው 15 ነበር። እሺ፣ ሲሶው ይሁን። ግን ማን ሊለካው ነው? ያው ትራይደንት፣ ከዚያው ዓይነት መርከብ፣ 90 ወይም 455 ኪሎ ቶን አረር ተሸክሞም ይነሣል። ራዳር ፊት የተቀመጠው የሩሲያ መኮንን የሚያየው ወደ አገሩ የሚገሰግስ ነጥብ ብቻ ነው፤ ለአለቆቹ የቀራቸው ጊዜ ደግሞ በደቂቃ የሚቆጠር። «አይዞህ፣ ትንሹን ነው የላክንልህ» ብሎ የሚደውልለት አለ? ቢደወልለትስ ያምናል? አዲሱ ክሩዝ ሚሳይል ደግሞ ይብሳል። መደበኛውን፣ ማለትም ኑክሌር የሌለበትን ቶማሃውክ ክሩዝ ሚሳይል ከሚተኩሱት የቨርጂኒያ ሰርጓጅ መርከቦች ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ቶማሃውክ በተተኮሰ ቁጥር ተቀባዩ ክፉ ክፉውን ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? የ2018ቱን ሰነድ ያወጡት የያኔው የመከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ማቲስ ራሳቸው በዚያው ዓመት ኮንግረስ ፊት ቀርበው ታክቲካዊ ኑክሌር (ለጦር ሜዳ ብቻ የሚውል «ትንሽ» ኑክሌር) የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም ብለዋል። ሰሚ አላገኙም።

ሩሲያስ? ይሉኛል። ፑቲን በኅዳር 2024 የኑክሌር ዶክትሪናቸውን (መመሪያቸውን) ለውጠው ኑክሌር የሚተኮስበትን ምክንያት አስፍተዋል፤ ጎረቤታቸው ቤላሩስ ውስጥም የኑክሌር መሣሪያ አስገብተናል ብለዋል። አልክድም። አንዱ ባበደ ቁጥር ተከትሎ ማበድ ግን ዶክትሪን አይባልም።

የቨርጂኒያ መርከቦች እንደሆነ በዓመት ሁለት ይሠራሉ ተብሎ ያም አልተቻለም። በዚህ ላይ የኑክሌር ጥበቃ፣ ልዩ ሥልጠናና ፍተሻ ሊጫንባቸው ነው፤ ኑክሌሩ ለሚይዘው ቦታም በየጦርነቱ የሚፈለገው መደበኛ ሚሳይል ይወርዳል። ይህን ሁሉ ከፍለው መልሰው የሚጭኑት፣ አባት ቡሽ በ1991 ከመርከቦቹ ላይ እንዲወርድ ያዘዙትን ዓይነት መሣሪያ ነው።