የሳይንስ ልቦለድ ጨዋታ ጀማሪውን በትንሽ ግን በሙሉ ጀብዱ ይቀበል

በባሕር ዳር ከማውቃቸው ወጣቶች መካከል በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደውን የሚና ጨዋታ፣ ማለትም አንዱ አጫዋች ሆኖ ሁኔታውን ሲተርክ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ዳይስ እየጣሉ ታሪኩን የሚያስኬዱበትን ጨዋታ፣ የወደዱት ጥቂት አይደሉም። ወደ ሳይንስ ልቦለዱ ዘርፍ ሲሻገሩ ግን ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ አይመለሱም። ችግሩ የፍላጎት ሳይሆን ለጀማሪ የሚመረጥለት የመግቢያ ጀብዱ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ታሪክ፣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ንጉሥና ሽፍታ፣ ጫካና ዋሻ ባሉበት ጨዋታ ተጫዋቹ ምን ማድረግ እንደሚችል ከልጅነቱ ተረት ያውቀዋል፤ ሰይፍ ይመዛል፣ ይሸሻል፣ ያታልላል። የጠፈር መርከብ ውስጥ ሲገባ ግን በሩ በእጅ ይከፈት እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩን ማናገር ይቻል እንደሆነ፣ ኦክስጅኑ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ አያውቅም። የማያውቅ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። ስለዚህ የመግቢያ ጀብዱ የመጀመሪያ ሥራው የከዋክብቱን ታሪክ ማስተማር ሳይሆን፣ ጠባብ ቦታ መርጦ በዚያ ውስጥ የሚቻለውንና የማይቻለውን በግልጽ ማሳየት ነው።

የዘርፉ አንጋፋ ጨዋታ ትራቭለር በ1977 እ.ኤ.አ. በጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ ሲታተም ደራሲው ማርክ ሚለር ለተጫዋቾች ሰፊ ነጻነት ሰጥቶ ነበር። ገጸ ባሕርዩ ጨዋታው ሳይጀመር በአራት አራት ዓመት የአገልግሎት ዘመን ያልፋል፤ በዚያው ሂደት ሊሞትም ይችላል። የንግድ መርከብ ቢያገኝ እንኳ በአብዛኛው የ40 ዓመት ዕዳ ይዞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ራሱ ነው። ይህ ለለመደ ሰው የጨዋታው ትልቁ ውበት ነው፤ ለአዲስ ሰው ግን ምሽቱ ገጸ ባሕርይ ሲሠራ ያልቅበታል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታር ፍሮንቲርስ በሳጥኑ ውስጥ ያካተተው ጀብዱ የተሻለ ዘዴ ነበረው፦ የባሕር ላይ ሽፍቶችን የመሰሉ የጠፈር ወንበዴዎች መርከቡን ያጠቃሉ፣ ተጫዋቾቹም ቮልተርነስ በተባለች ፕላኔት ላይ ይወድቃሉ፤ ጥያቄው ወዲያውኑ በሕይወት መትረፍ ይሆናል። ሆኖም ታሪኩ በዚያ መጽሐፍ አይቋጭም፤ ሁለት ተከታዮች ያስፈልጉታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው የኤሊየን ጨዋታ በአንድ ቅምጥ የሚያልቅ፣ ገጸ ባሕርያቱም ቀድመው የተዘጋጁለት አጭር ጀብዱ ይዞ መምጣቱ ወደምፈልገው የበለጠ ይቀርባል።

የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ቅኔ ቤቶች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ተማሪው የሚጀምረው ስምንት ቤት ካለው መወድስ ሳይሆን ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃናው ግን የመወድስ ቁራጭ አይደለም፣ ሰምና ወርቁን ይዞ በራሱ የቆመ ቅኔ ነው። የመግቢያ ጀብዱም እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ለብዙ ምሽቶች የሚቀጥል የረጅም ታሪክ ማስታወቂያ ሆኖ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ጀማሪውን ለሌላ ምሽት የሚመልሰው ነገር የለም።

ለምሳሌ ከመቶ ዓመት በኋላ በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ የሚያጭድ ሰው አልባ መድረክ ከደቅ ደሴት አጠገብ በድንገት መልእክት መላኩን አቆመ እንበል። እምቦጭን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያሻም። አራት ተጫዋቾች፣ ማለትም መካኒክ፣ ነርስ፣ የዕፅዋት ባለሙያና ታንኳ ቀዛፊ፣ በምሽት ይደርሳሉ፤ መድረኩ ሦስት ክፍል ብቻ አለው፣ ባትሪው ስድስት ሰዓት ቀርቶታል፣ ውስጥ የታሰረ ጠጋኝም አለ። የመጀመሪያው በር ተቆልፏል። እዚህ ላይ ብዙ ጀብዱ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት በትራቭለር ሥርዓት ለመሳካት የሚያስፈልገውን 8 ወይም ከዚያ በላይ በሁለት ዳይስ የመጣል ዕድል ከ36 ውስጥ 15 ብቻ መሆኑን በመርሳት ነው። ልዩ ችሎታ የሌለው ጀማሪ ከግማሽ በላይ ጊዜ ይከሽፍበታል። ስለዚህ ዳይሱ ቢከዳውም በሩ መከፈት አለበት፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ባትሪ መባከኑ ወይም የማጨጃው ክንድ መንቀሳቀስ መጀመሩ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ተጫዋቹ ሕጉን ከነዋጋው ይማራል፣ ታሪኩም አይቆምም።

አጫዋቹም አዲስ መሆኑ አይዘንጋ። ለእርሱ የሚጠቅመው ስለ መድረኩ አሠሪ የተጻፈ ረጅም ታሪክ ሳይሆን፣ በየክፍሉ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሰማና ተጫዋቹ ቢነካው ምን እንደሚከተል የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ጠጋኙ ሲገኝ የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንኳ ተጽፎ ቢቀመጥለት አፉ አይያዝም።

እንዲህ ያለውን ጀብዱ በአማርኛ ለመጻፍ የውጭ አሳታሚ ፈቃድ መጠበቅ የለብንም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴፊየስ ኢንጂን ይህንኑ የሁለት ዳይስ ሥርዓት በክፍት ፈቃድ ያቀርባል፤ የፈቃዱን ሁኔታ ያከበረ ማንኛውም ሰው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ጽፎ ማሳተም ይችላል። ዳይሱም ከሉዶ ሳጥን የሚወጣው ያው ባለ ስድስት ገጹ ነው።