ሁሉን ቀይረው የፍሬን ቱቦዋን ረሷት

ረጅም ነው። አንጀቴ ስላረረ ነው፣ ታገሡኝ።

ያለችኝ አንዲት ቪትዝ ናት፣ በፈረንጅ 2003 የተሠራች። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በእኛ 2016 ከተከለከለ ወዲህማ እንደ አያት ነው የምጦራት። ቤቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ነው። ጠዋት ስወጣ ነዳጅ የምረግጠው ለስሙ ነው፤ መንገዱን ሙሉ እግሬ ፍሬን ላይ ነው።

ከሦስት ወር በፊት አመል አወጣች። ፍሬን ስረግጥ ወደ ግራ ትስባለች። እግሬን ሳነሣ ደግሞ ወደ ቀኝ። ስድስት ኪሎ ደርሼ ስወርድ ያረረ ነገር ይሸታል። እጄን ወደ ፊተኛው ቀኝ ቸርኬ ሳስጠጋ ምጣድ ነው። የግራው ለብ ቢል ነው።

ይህንኑ ለመካኒክ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ግራ ነው ቀኝ? አንዱን ምረጪ እንጂ!» ከዚያ ኩሽኔታ ነው አለ። ኩሽኔታ ተቀየረ። ሁለተኛው ጋራዥ አላይመንት ነው አለ፣ ተሠራ። ሦስተኛው የቀኙ ፍሬን ሸራ ከግራው በጣም ማለቁን አየና ሸራ ቀየረ። ለምን አንዱ ብቻ አለቀ ብሎ አልጠየቀም። እኔ ስጠይቀው «ባለቤትሽ ነው የሚነዳት?» አለኝ። ምን አገናኘው? አራተኛው ሸራዎቹን የሚጨብጠውን ብረት፣ ካሊፐሩን ፈቶ የውስጡን የጎማ ማሸጊያዎች ቀየረ። ሁሉም ሲያስረክቡኝ አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚሉት፦ «አሁን ቅቤ ሆናልሻለች።» ቅቤዋ ሁለት ቀን ሳይሞላት ትቀልጣለች።

በመሃል ዓመታዊ ምርመራው ደርሶ አልፋለች። ቦሎው መስታወቴ ላይ ተለጥፎ እያየኝ ነው።

ያዳነኝ ጎረቤቴ ነው። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጋሼ። ነገሩን ሳወራላቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ ፍሬኑ እንደያዘ አምጪልኝ። እንዳታቀዘቅዢው» አሉኝ። አመጣሁላቸው። በክሪክ አነሡት። ጎማው በእጅ አልዞር አለ። መጀመሪያ የብረቱ ቧንቧ ከጎማ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ላይኛውን ብሎን ፈታ አደረጉት። ጎማው ንቅንቅ አላለም። መልሰው አሰሩትና ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ከፈቱ። የፍሬን ዘይቱ ፊጭ አለ፣ ጎማው ፍስስ ብሎ ዞረ። «በቃ፣ መሃል ላይ ነው የታነቀው» አሉ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሥር ደቂቃ!

ያቺ ቱቦ ጋራዥ ውስጥ ፍሌክሲብል የሚሏት ናት። ጎማው መሪ ተከትሎ ስለሚዞርና ከመንገዱ ጋር ስለሚነጥር ብረት ቧንቧ እዚያ አይሆንም። ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም ጎማ፣ መሃሉ የተጠለፈ ክር የሆነ ቱቦ ይገባል። ጎማ ደግሞ ያረጃል። ጋሼ አውጥተው በቢላ ሰነጠቋት። ከውጭ ደህና የምትመስለው ከውስጥ አብጣ ቀዳዳዋ መርፌ አያሳልፍም። ስረግጥ ዘይቱ እየተንፏቀቀ ስለሚደርስ ቀኙ ዘግይቶ ይይዛል፣ መኪናዋ ወደ ግራ። ስለቅ ደግሞ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ቀኙ እንደያዘ ይቀራል፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ። ግራም ነው ቀኝም ነው፣ ወንድሜ! ትክክል ነበርኩ!

እንደውም ብረቱ አንገት አጠገብ እጥፍ ሲያደርጓት ስንጥቋ ታየ። አጥፎ ለማየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ፍሬን ተረግጦ ሳለ የሚያብጥ ቦታ ካለ፣ ወይም ዘይት ያረጠባት ከሆነ በዓይን ይታያል። አራቱም ያንን ጎማ አውልቀዋል። ሦስተኛውማ ሸራ ሲቀይር ያንን ከባድ ካሊፐር በቱቦዋ ላይ አንጠልጥሎት ሻይ ሊጠጣ ሄደ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስልኬን እነካካለሁ። ቱቦዋን እንደሚጎዳ አላወቅኩማ።

ግዢውም ሌላ ጣጣ። ሶማሌ ተራ አንዱ ሱቅ «ኦሪጅናል» ብሎ ያወጣልኝ ቱቦ ሳይገጠም ተሰነጣጥቋል። «አቧራ ነው እህቴ» አለና በምራቁ ጠረገው። ስንጥቁ በምራቅ አይጠረግም። ሌላው የግራውን ይዞ «ለቀኝም ይሆናል፣ ትንሽ ብቻ ይጠመዘዛል» ይለኛል። ጋሼ እንዳይጠመዘዝ አደራ ብለውኛል። መጨረሻ ላይ ጥንዱን ገዛሁ፤ አንዱ ካረጀ ወንድሙም እኩያው ነው። ቱቦዋ ካሊፐሩ ላይ ስትታሰር እንዳታፈስ የምታሽገውን የመዳብ ቀለበትም አዲስ ገዛሁ፣ አሮጌዋ አንዴ ስለተጨፈለቀች ልታፈስ ትችላለች።

ቅዳሜ ገጠምን። አየሩን ለማስወጣት ጋሼ ከታች፣ እኔ ፔዳል ላይ። «ርገጪ! ያዢ! አትልቀቂ አልኩሽ!» ግማሽ ቀን በዚህ አለፈ። የወጣው ዘይት የቡና አተላ ይመስላል። ከዚያ መሪውን እስከ ጥግ በግራም በቀኝም አዞሩኝ፣ ቱቦው ጎማ እንዳይነካና እንዳይወጠር።

ዜና ላይ «ፍሬን በጥሶ» ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ። ምኑ ነው የሚበጠሰው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ጠዋት እንጦጦን ስወርድ ከፊቴ ያለውን ሚኒባስ እያየሁ የማስበው ቱቦውን ብቻ ነው።

ትናንት አራተኛው መካኒክ ደወለልኝ። «ቪትዟ እንዴት ሆነችልሽ? ቅቤ አይደለች? ሰው ላኪልን እንጂ!»