«እንዴት» ያመጣው ጣጣ

ቤጂንግ ስማር አንድ ቻይናዊ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። የተወዳጀኝ እንግሊዝኛ ሊለማመድብኝ ነው። እኔም አልከፋኝም፤ ካፌ ሰልፍ ይይዝልኛል። አንድ ቀን የጻፈውን ጽሑፍ አስነበበኝና ዓይን ዓይኔን እያየ «ሃው ዱ ዩ ቲንክ?» አለኝ።

እኔ አፌ መች ያርፋል፣ «በጭንቅላቴ ነዋ!»

አልሳቀም። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ደንግጬ ማስረዳት ጀመርኩ። የሰው ሐሳብ ስትጠይቅ «ዋት ዱ ዩ ቲንክ?» ነው፤ «ሃው» ካልክ አእምሮህ በምን ዘዴ ይሠራል እንደማለት ነው፣ የሐኪም ጥያቄ ይሆናል። ደግሞ ልጁ ከሜዳ ተነስቶ አልተሳሳተም። ቻይንኛው «ኒ ዘንመ ካን?» ነው። «ኒ» አንተ፣ «ዘንመ» እንዴት፣ «ካን» ማየት። አንተ እንዴት ታየዋለህ! የእኛው ጥያቄ እኮ ነው፣ ቁጭ።

ይሄ «ዘንመ» የማይገባበት የለም። የዕቃ ስም ሲጠፋው ጣቱን እያወናጨፈ «ሃው ቱ ሴይ?» ይላል። በቋንቋው «ዘንመ ሹዎ?» ሙሉ ጥያቄ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሃው ዱ ዩ ሴይ» ካልተባለ የምዕራፍ ርዕስ ይመስላል። የሰው መልክ ሲጠይቅ ደግሞ «ሃው ዳዝ ሂ ሉክ ላይክ?» ይለኛል። «ላይክ» ካለ «ዋት» ነው፣ «ሃው» ካልክ «ላይክ»ን ጣላት ብዬ ስንት ቀን መከርኩት። (ይቺን እንኳን የኛም ሰው በደንብ ያጠፋታል፣ ዝም አልኩ እንጂ።)

አንድ ቀን ከክፍል ቀርቼ ማታ ሲያገኘኝ «ሃው ዩ ዲድንት ካም?» አለኝ። እንዴት ሳትመጣ ቀረህ ማለቱ ነው፤ ቻይንኛም አማርኛም «ለምን» ለማለት «እንዴት»ን ይዋሳሉ። ኮስተር ብዬ «ዋይ በል!» አልኩት። ከዚያ ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝና፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው «ለምን» ለማለት «ሃው ካም» እንደሚሉ ነገርኩት። ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ገንዘቡን የበላሁበት ነው የሚመስለው።

በሳምንቱ አንድ አዲስ ተማሪ መጣ፣ የውጭ አገር ሰው። እኔ የእንግሊዝኛው ሊቅ ደረቴን ነፋ፣ እጄን ዘርጋ አድርጌ ቀደም አልኩና «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?»

ወዳጄ ቀስ ብሎ ደብተሩን አወጣ።