«ባሪያ አለዎት?» «የለም»

እንኳን አደረሰን! የዘንድሮውም የዘመናዊ ባርነት መግለጫ ወጣ። አንድ የለንደን ኩባንያ ሰሞኑን የለጠፈው ከአምናው የሚለየው በዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳይቀየር ቀርቷል። ምን ይደረግ! ባርነትን ከልቡ የሚጠላ ጥላቻውን በየዓመቱ አይቀያይርም።

ነገሩ የመጣው ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣችው የዘመናዊ ባርነት ሕግ ነው። አንቀጽ 54 ዓመታዊ ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እዚያ የሚነግድ ድርጅት በየዓመቱ መግለጫ ያውጣ ይላል። ቦርድ ያጸድቀዋል፣ ዳይሬክተር ይፈርምበታል፣ ማስፈንጠሪያውም በድረ ገጹ መነሻ ላይ ጎልቶ ይቀመጣል (ጎልቶ ማለት እታች፣ ግራጫ ላይ በግራጫ)። ምን ይጻፍበት ለሚለው ሕጉ ስድስት ርዕስ ይጠቁማል እንጂ አያስገድድም። ቸርነቱ ደግሞ ለጉድ ነው፤ «ምንም እርምጃ አልወሰድንም» ብሎ መጻፍም መግለጫ ሆኖ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ሐቅ ለገጽታ አይመችምና የእኛ ኩባንያ በምትኩ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ።

ከአሥራ አንዱ ገጽ የምወደው መጠይቁን ነው። ለአቅራቢዎች ይላካል፤ 42 ጥያቄ አለው። 14ኛው «በድርጅትዎ የግዳጅ ሠራተኛ አለ?» ይላል። «አዎ» ያለ ሰው የማስተካከያ ዕቅድ ከነቀነ ገደቡ ካላያያዘ ቅጹ አያሳልፈውም። «የለም» ያለ ወዲያው አረንጓዴ ምልክት ይበራለታል። ጅብን ስለ አህያዋ በጽሑፍ መጠየቅ እንዴት ያለ ሥልጣኔ ነው!

ለንደን ኳታር፣ ዶሃ ያለውን ሆቴል ጠየቀች። ሆቴሉ «የለም» አለና የጽዳት ተቋራጩን ጠየቀ። ተቋራጩ ሠራተኞቹ የራሱ ስላልሆኑ በሙሉ ልብ «የለም» ብሎ ሰው የሚያከራየውን ድርጅት ጠየቀ። አከራዩም «የለም» ብሎ አዲስ አበባ ላለው ኤጀንሲ ላከ። ኤጀንሲው በበኩሉ ሴቶቹን ከየወረዳው ለሚያመጣለት ደላላ ማስተላለፍ ነበረበት፤ ደላላው ግን ኢሜይል የለውም። ደውሎ «ባሪያ አለህ?» ቢለው «ስንት ፈለግህ?» እንዳይል ሰጋና ራሱ ሞላለት። ከዚያ አምስቱም «የለም» በመጡበት ወደ ላይ ተመለሱ፤ ለንደን ሲደርሱ አረንጓዴ ክብ ሆነው ሰባተኛው ገጽ ላይ ታተሙ። 100 ከመቶ! ይህን ሁሉ ነገር «የአቅርቦት ሰንሰለት» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ከ42ቱ ጥያቄ አንዱም «የሠራተኛዋን ትኬት ማን ከፈለ?» አይልም። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውንም የደርሶ መልስ ትኬቱንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ደላላው ግን አዋጅ አያነብም፤ አራጣ አበዳሪውም እንደዚያው።

ኦዲትማ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት በደብዳቤ ያሳውቃሉ፤ እንግዳ ሳይነግር አይመጣማ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው የደመወዝ መዝገብ ይጸዳል፣ ከአሥሩ አልጋ አራቱ ከክፍሉ ይወጣሉ፣ ሠራተኞቹ መልሳቸውን ያጠናሉ። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በኃላፊው ቢሮ፣ በኃላፊው አስተርጓሚ ነው። የኦዲቱን ሒሳብ የሚከፍለውም ተመርማሪው ራሱ ነው። ቀበሮ ምስክርሽ ማን ነው ብትባል ጅራቴ አለች፤ ቢያንስ ለጅራቷ አልከፈለችም።

ፓስፖርቱም በሥርዓት ነው የተቆለፈው። የኳታር እ.ኤ.አ. የ2015 ሕግ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ «ያዝልኝ» ካላለ አሠሪ ፓስፖርት ይመልስ ይላል። ስለዚህ ሠራተኛዋ በደረሰችበት ቀን በማታነበው ቋንቋ «ያዙልኝ» የሚል ወረቀት ትፈርማለች። ይሄ ዘረፋ ነው። እዳ አሸክሞ፣ መታወቂያ ነጥቆ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ «በፈቃዷ ነው የምትሠራው» የሚል ሰው ባሪያ ፈንጋይ ነው፤ ክራቫት ቢያስርም ያው ነው። ለማወቅ 42 ጥያቄ አያስፈልግም። ብቻዋን፣ በቋንቋዋ፣ ከግቢው ውጭ ሦስት ነገር ጠይቋት፤ ፓስፖርትሽ የት ነው? ለመምጣት ስንት ከፈልሽ፣ ከማንስ ተበደርሽ? ዛሬ ሥራውን ልተው ብትዪ ምን ይገጥምሻል? አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ግን መልሱ ከተሰማ የከፈለችውን መመለስ ይመጣል፤ ገንዘቡ ደግሞ ከጽዳቱ ውል ሊወጣ ነው። ያንን ውል የግዢ ክፍሉ፣ መግለጫው በወጣበት ሳምንት፣ «ዋጋው 8 ከመቶ ይቀነስ» ብሎ መልሶታል። የግዢ ክፍሉና መግለጫውን የጻፈው ክፍል አንድ ፎቅ ላይ ናቸው። ቡና አብረው ይጠጣሉ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ኩባንያው ሥልጠናም ሰጥቷል፤ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ፣ ከነምስክር ወረቀቱ። የለንደኖቹ ሒሳብ ሠራተኞች በሙሉ አልፈዋል፤ ከእንግዲህ ከእነሱ መካከል ባሪያ የሚፈነግል አይገኝም። ነጻ የጥቆማ ስልክም አለ። ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከኃላፊው በር ጎን ተለጥፏል፣ እየደወለች ያለችውን ሴት በቀላሉ እንዲያያት።

ለከርሞ መጠይቁ ይሻሻላል ተብሏል። አቅራቢዎች ብዙ ሰዓት እንዳይባክንባቸው «የለም» የሚለው አስቀድሞ ተመርጦ ይመጣል።