ማስተካከያ፦ ለትልልቅ ዛፎች ስለሚሆን የሞተር መጋዝ
ቀደም ሲል «ዛፉ በወፈረ ቁጥር ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባር ይርዘም» ማለታችን ያሳስታል። መቅደም ያለበት የሞተሩ ጉልበት ነው። 45 ሲሲ (ሲሲ የሞተር መጠን መለኪያ ነው) ሞተር ላይ 60 ሳንቲሜትር ባር ሲገጠም፣ ባሩ እንጨቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደገባ ሰንሰለቱ ይደክማል፤ ያኔ ነጂው ነዳጁን ቢጨምርም ክላቹ እየተንሸራተተ ይግላል፣ የሰንሰለቱ ማለስለሻ ዘይትም እስከ ባሩ ጫፍ ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ርዝመት 70 ሲሲ ገደማ ይያዝ። ደግሞም ባሩ የግንዱን ውፍረት ያህል መርዘሙ ግዴታ አይደለም፤ የለመደ እጅ 80 ሳንቲሜትር ግንድ በ50 ሳንቲሜትር ባር ከሁለት ወገን ይቆርጠዋል።

የሞተሩ ነዳጅና ዘይት ድብልቅም ልክ ይታረም፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ያልነው 25 ለ1 ነው። የመጋዙ መመሪያ 50 ለ1 ካለ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ትርፉ ጭስና በጥላሸት የተሸፈነ ካንዴላ ነው።