ቀጣዩን የሊግ ሥራ አስኪያጅ አንድ ነገር ጠይቁልን

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አዲስ ሥራ አስኪያጅ እስኪያገኝ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶበታል። ሪቻርድ ስኩዳሞር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሊጉን ሲመራ ኖሮ በ2018 በቃኝ አለ። ክለቦቹ መጀመሪያ ሱዛና ዲኔጅን መረጡ። ከዲስከቨሪ ቴሌቪዥን የምትመጣ ባለሙያ ነበረች፤ ሥራውን ሳትጀምር ይቅርብኝ አለች። ቀጥሎ የጋርዲያን ሚዲያ ግሩፕን ሲመራ የነበረው ዴቪድ ፔምሰል ተሾመ፤ እሱም ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ተሰናበተ። ሁለቴ ከውጭ ፈልገው ሁለቴም ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ከ2006 ጀምሮ እዚያው ሲሠራ የነበረውንና ቦታውን በጊዜያዊነት የያዘውን ሪቻርድ ማስተርስን በ2019 መጨረሻ አጸደቁት።

ይሄ ለእኛ ለጎጃሞች ምናችን ነው ትሉኝ ይሆናል። ባሕር ዳር ሂዱ፣ ማርቆስ ሂዱ፣ ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ ሂዱ፤ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ነው የሚውለው። ልጆቻችን የአርሰናልን ተጠባባቂ በረኛ ሳይቀር በስም ያውቃሉ። አሠልጣኝ ሲባረር ማን እንደሚተካው ከጋዜጠኛው ቀድመው ይነግሯችኋል። የራሳችንን ሊግ የሚመራው ማን ነው፣ ማን ቀጠረው፣ ምን ሠርተህ አሳይ ተባለ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚመልስላችሁ ሰው ብዙ አታገኙም። በልጆቹ አይፈረድም። ጉዳዩ የእነሱም እንደሆነ የነገራቸው የለም።

የእነሱ ግን ነው። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከፌዴሬሽኑ እጅ ወጥቶ ለክለቦቹ ተሰጠ። አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፣ ባለአክሲዮኖቹም ክለቦቹ ራሳቸው ሆኑ። ቦርድ አለው፣ ሥራ አስኪያጅ አለው። ስለዚህ ባሕር ዳር ከነማ በዚህ ሊግ ውስጥ ተጫዋች ብቻ አይደለም፣ ባለቤትም ነው። ክለቡ ደግሞ እንደ አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች በመንግሥት በጀት የሚደገፍ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሊጉን የሚመራው ሰው ሲመረጥ የባሕር ዳር ሕዝብ ምን እንዲደረግለት ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እንዲያውም እስካሁን አለመጠየቁ ነው የሚገርመኝ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ሊጉን ወደ ከተሞቻችን የሚመልስ ሰው። በሜዳህና ከሜዳህ ውጪ የሚባለውን ነገር መልሶ የሚያመጣ ሰው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከመውቀሴ በፊት ግን አክሲዮን ማኅበሩ፣ ሊግ ካምፓኒ የምንለው፣ የሠራውን ልናገር፤ ሠርቷልና። በመቶ አለቃ ፈቃደ ማሞ የሚመራው ቦርድ ሥራውን ሲጀምር ኮሮና ገጠመው፣ የ2012 ውድድርም ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በዚያ ቀውጢ ሰዓት ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ፈረመ። ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቻችን በሱፐርስፖርት ይታዩ ጀመር። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ለዓመታት የቴሌቪዥን ገቢ የሚባል ነገር ለማያውቁ ክለቦች ይሄ ትልቅ ነገር ነበር።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ነገርም ተጀመረ። በኮሮና ምክንያት ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ሊጉ በየተራ እየዞረ ተካሄደ። ለዚያ ዓመት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በሽታው ሲያልፍ ግን አሠራሩ አላለፈም። ጊዜያዊ የተባለው ነገር ቋሚ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ሄደ።

የ2015ን ውድድር ውሰዱ። ሊጉ የተከፈተው ባሕር ዳር ላይ ነበር። ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የጣና ሞገዶቹ፣ ማለትም ባሕር ዳር ከነማዎች፣ በታሪካቸው ምርጡን ዓመት ያሳለፉት ያኔ ነው። ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ፣ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም አለፉ። ደጋፊው ግን ያን ሁሉ ድል በብዛት ያየው በስክሪን ነው። ሻምፒዮን ለመሆን በሚታገል ቡድን ቀበሌህ እየተሸበረ፣ መንገዱ በሰማያዊ ማሊያ ተሞልቶ ስታዲየም መግባት ሲገባህ፣ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ይዘህ መቀመጥ። ከጎንህ ያለው ሰው ደግሞ ቻናሉ ወደ ቼልሲ ይቀየርልን ይላል።

ከዚያ የአፍሪካው ውድድር መጣ። ባሕር ዳር ከነማ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሎ አለፈ። ባሕር ዳር "በሜዳዋ" የተጫወተችው አዲስ አበባ ላይ ነው። አዛም ግን ዳሬሰላም ውስጥ የራሱ ስታዲየም አለው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የአዛም ክለብ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የአዛም ቴሌቪዥንም ባለቤት ነው። ይሄው ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2021 የታንዛኒያን ሊግ ለ10 ዓመት ለማስተላለፍ 225.6 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሽልንግ የሚያወጣ ውል ፈርሟል። በዶላር ሲመነዘር በዚያን ጊዜ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ነው። ሜዳ ላይ ያሸነፍነው ቡድን ከሜዳ ውጪ እንዲህ አርቆ ጥሎናል።

ታንዛኒያዎች ይህን ገንዘብ ከየት አመጡት? ሁለቱ የከተማዋ ባላንጣ ክለቦች ሲምባና ያንጋ ሲጫወቱ ዳሬሰላም ሥራ ትፈታለች። ቴሌቪዥኑ የሚገዛው ያንን ጩኸት ነው። ባዶ ወንበር የሚያሳይ ጨዋታ ማን ይገዛል? የእኛ ሊግ ብዙ ጨዋታዎች ሲተላለፉ የምንሰማው የአሠልጣኞቹን ጩኸትና የኳሷን ድምፅ ነው። ድሬዳዋ ላይ ባሕር ዳር ከወላይታ ድቻ ሲጫወት የድሬ ልጅ ለምን ይገባል? ለእሱ ሁለቱም እንግዶች ናቸው። እኛም ባሕር ዳር ላይ ሐዋሳና ሲዳማ ቡና ሲጋጠሙ እንዲሁ ነው የምናደርገው። ሙሽራም ሙሽሪትም የሌሉበት ሰርግ ላይ ማን ይጨፍራል?

ሌላው ወጪው ነው። ክለቡ ከነተጫዋቹ፣ ከነአሠልጣኙ፣ ከነሐኪሙ ወራትን በሆቴል ይኖራል። ኪራዩ አለ፣ ምግቡ አለ፣ አበሉ አለ። በራሱ ከተማ ግን ለደጋፊው ትኬት መሸጥ አይችልም። በሌላ ወገን የተጫዋች ደመወዝ ለወራት አልተከፈለም የሚል ዜና ሳንሰማ የምናልፈው ዓመት የለም። በ2011 ክረምት የደመወዝ ጣሪያው 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር፣ ችግሩን አልፈታውም። ገቢ የሌለው ክለብ ላይ የወጪ ጣሪያ ብቻ ብትሰቅሉ ጣሪያው አይቆምም። ገቢው ደግሞ ከደጋፊው ይጀምራል። ከትኬቱ፣ ከማሊያው፣ ስታዲየሙ አጠገብ ማስታወቂያ ከሚሰቅለው የከተማው ነጋዴ። ክለቡ ብቻ አይደለም ተጠቃሚው። ቆሎና ሱፍ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ ከዳንግላና ከመራዊ ጨዋታ ለማየት የሚመጣውን ደጋፊ የሚያስተናግደው ምግብ ቤት፣ ሁሉም ይቆጠራል።

አሁን የሚነሳብኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። "የ2010ና የ2011ን ጊዜ ረሳኸው እንዴ?" የሚለውን። አልረሳሁትም። በሜዳና ከሜዳ ውጪ በሚጫወቱበት በዚያ ዘመን ዳኛ ሜዳ ውስጥ ተባርሮ ተደብድቧል። የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ከሌላው ከተማ ሄዶ መጫወት አቅቷቸው ገለልተኛ ሜዳ ሲፈለግ ነበር። ኳሱ የብሔር ጠብ መወጫ ሆኖ ነበር። ሊጉ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ያንን አብርዶታል፣ ይህን የሚክድ ሰው ሐቀኛ አይደለም። የቴሌቪዥን ቀረጻውንም ቀላል አድርጎታል፤ ካሜራና መኪና ይዞ በየሳምንቱ አገር ማዳረስ ውድ ነው።

የእኛንም ሁኔታ እናውቀዋለን። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን የጸጥታ ችግር ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ላይ አጫውቱ እያልኩ አይደለም። ሰው ወንድሙን ለማየት መንገድ እየፈራ ኳስ ይቅደም የሚል የለም።

የምለው ሌላ ነው። ዕቅድ ይኑር ነው የምለው። ሰላም ያለባቸውና ብቁ ሜዳ ያላቸው ከተሞች አሉ አይደል? ከእነሱ ይጀመር። የሐዋሳ ክለብ ሐዋሳ ላይ፣ የድሬ ክለብ ድሬ ላይ የተወሰኑ ጨዋታዎችን በሜዳው ያድርግ። ጠብ ያስነሳሉ የሚባሉት ጨዋታዎች ለጊዜው ገለልተኛ ሜዳ ላይ ይሁኑ። የደጋፊ ማኅበራትና ፖሊስ ከጨዋታው በፊት ይነጋገሩ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ሁለት ከተማ ይጨመር። ባሕር ዳር በየትኛው ዙር እንደምትገባ፣ ምን ሲሟላ እንደምትገባ በጽሑፍ ይቀመጥ። እኛ መጠበቅ እንችላለን። ምን እየጠበቅን እንደሆነ ሳናውቅ መጠበቅ ነው የሰለቸን።

የስታዲየሙም ነገር እንዲሁ ነው። ኅዳር 2012 አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፍነው ባሕር ዳር ላይ ነው። መጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስንረመርምም እዚያው ነበርን። በ2014 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈችን፣ ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ አገደው። ብሔራዊ ቡድኑ ስደተኛ ሆነ። ግብፅን 2 ለ 0 የረታንበት ያ ታሪካዊ ጨዋታ እንኳ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው የተደረገው። ያን ቀን ያ ጨዋታ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ቢሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ስታዲየሙ የመንግሥት ነው፣ እድሳቱም የመንግሥት ሥራ ነው፣ ልክ ነው። ግን የክልሉን መንግሥት፣ ፌዴሬሽኑንና ክለቡን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "ይሄን ያህል ከሠራችሁ ይሄን ያህል ጨዋታ አመጣላችኋለሁ" የሚል የሊግ መሪ ቢኖር ሥራው እንዲህ አይጓተትም ነበር። ጨዋታ ለማይመጣበት ሜዳ ማን በጀት ይይዛል?

ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ ነገር ቀላል አይደለም። ጥሩ ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን መስፈርቱ እሱ አይደለም። የታወቀ ፖለቲከኛ መሆኑማ ጭራሽ አያስፈልገንም። "ባለፈው ከዚያ ክልል ነበር፣ አሁን ተራው የዚህኛው ነው" የሚለውን ጨዋታም እዚህ አታምጡብን። ከጎጃም ሰው ካልተሾመ ብዬ አልከራከርም፤ ከየትም ይምጣ። ከፖሊስ ጋር ስለ ጸጥታ፣ ከከንቲባ ጋር ስለ ሜዳ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ስለ ውል ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚችል፣ ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ክለቦች ሲቆጡ የማይደነግጥ ሰው ይሁን። የ2013ቱ የአምስት ዓመት ውል ዘመኑ በ2017 አብቅቷል። ከዚህ በኋላ ለሚመጣ ገዢ ሁሉ የሚሸጥለት ነገር ሙሉ ስታዲየም እንዲሆን የሚሠራ ሰው ይሁን።

አመራረጡም በግልጽ ይሁን። በእንግሊዝ ሊግ እያንዳንዱ ክለብ አንድ ድምፅ አለው፣ ትልልቅ ውሳኔ ከ20ው የ14ቱን ድምፅ ይፈልጋል። እዚያም ሁሉ ነገር ቅዱስ አይደለም። ስኩዳሞር ሲሰናበት ክለቦቹ 250 ሺህ 250 ሺህ ፓውንድ አዋጥተው 5 ሚሊዮን ሊሰጡት ሲሉ ደጋፊው ተቆጥቶ ነበር። መቆጣት የቻለው ግን ነገሩን ስላወቀ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሾም የምናየው ፎቶና የመልካም ሥራ ዘመን ምኞት ነው። ዒላማው ምንድን ነው? በስንት ዓመት? ካላሳካስ? አይነገረንም።

ይህን ጥያቄ ማንሳት ያለበት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድምፅ ያለው ነው። የባሕር ዳር ከነማ አመራሮች፣ ለእናንተ ነው የማወራው። በሚቀጥለው ጉባኤ እጃችሁን አውጡ። የሥራ አስኪያጅነት ዕጩ ሲቀርብ ታሪኩን አንብባችሁ አታጨብጭቡ። በሜዳ የመጫወት መመለሻ ዕቅድህን በወረቀት አምጣ በሉት። መጀመሪያ የትኛው ከተማ ነው፣ በየትኛው ወር ነው፣ ባሕር ዳርስ ስንተኛዋ ናት? መልሱን ከጉባኤው ስትወጡ ለደጋፊው ንገሩት። የጎንደሩ ክለብ የፋሲል ከነማ አመራሮችም እንደምታግዟቸው አልጠራጠርም፣ የጎንደር ሰው ናፍቆቱ ከእኛ አያንስም።