ጥርኝ ውሃው የማን ነበር?

ባለፈው እሑድ ሰባኪው ሚክያስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 8ን አነበቡልን። እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልገው ፍርድን እንዲያደርግ፣ ምሕረትን እንዲወድና ከአምላኩ ጋር በትሕትና እንዲሄድ ነው ይላል። ሁላችንም አሜን አልን። ቤቴ ገብቼ ግን ትንሽ ወረድ ብዬ አነበብኩ። ቁጥር 11 ላይ ነቢዩ ስለ ሐሰተኛ ሚዛንና በከረጢት ስለተያዘ የማታለያ መመዘኛ ያወራል። ለካ ሰውየው ገበያ ገብቷል። እኛ ቁጥር 8 ላይ አሜን ብለን እንበተናለን።

ሚዛን ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ጣና ሐይቅ ላይ ያለው ዘጌ ነው። በጀልባ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች መካከል በላዔ ሰብእን አይረሳውም። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን ለምጽ የያዘው ድሃ በእመቤታችን ስም ውሃ ለመነው። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብ ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ላይ ተቀመጠች፤ እመቤታችን ጥላዋን ጣለችባትና ሚዛኑ ደፋ። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል በመጣ ቁጥር ይህን እንተርካለን። እኔም ታሪኩን ስሰማ ራሴን የማየው በእሱ ቦታ ነው፤ ሚዛኑ እንዲደፋልኝ ስጠብቅ። (ለ78ቱ ማን ይከራከርላቸዋል የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው።)

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። አምና መታወቂያ ለማሳደስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰልፉ ከበረንዳው አልፎ የግቢው በር ደርሷል። ከፊቴ አንዲት እናት ቆመዋል። ነጠላቸውን ለፀሐዩ ተከናንበው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው እንደሆነ ነገሩኝ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ የጽዋ ማኅበራችን አባል ነው። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ያቆምዎታል? ይምጡ እንጂ!»

ሄድኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስወጣ አንድ ጎረምሳ ማጉረምረም ጀመረ። እናትየዋ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ተወው ልጄ፣ እሱ ሰው አለው» አሉት።

ሰው አለው። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ልጁ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ደግ ነው። እሱ ቸርነት ያደረገልኝ መስሎታል፤ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ መርቄዋለሁ። ግን የሰጠኝ ጊዜ የእሱ አልነበረም። የእናትየዋ ነበር። በላዔ ሰብእ ስንት ኃጢአት ቢኖርበትም ውሃውን የሰጠው ከገዛ ራሱ ነው። እኛ ምሕረት የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ቅል የተቀዳ ነው። የእህቱን ልጅ ሥራ ያስቀጠረ አለቃ አዛኝ ነው። ለዘመዱ ልጅ ማርክ የጨመረ መምህርም አዛኝ ነው። በሰው ውሃ! በርበሬ ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ ጣል የሚያደርገው ነጋዴ ቢያንስ አዘንኩላችሁ አይልም።

እዚያው ሰልፍ ላይ ሌላም ነገር አይቻለሁ። ሕፃን ያዘለች ሴት ስትመጣ ሰልፈኛው ተያይቶ፣ «እሷ ትቅደም፣ ልጁን ፀሐይ መታው» አለ። ማንም አላጉረመረመም። እያንዳንዱ ከራሱ ጊዜ ቆርሶ ነው የሰጣት። የመስኮቱ ልጅ ግን ለእኔ ሲያዝን ማንንም አልጠየቀም።

ትሕትናን በተመለከተ፣ ለባለሥልጣን ጎንበስ ማለቱን እንችልበታለን። ችግሩ ከበታቻችን ነው ብለን ካሰብነው ሰው ፊት ነው። እዚሁ ጣና ዳር ነገደ ወይጦ ጎረቤቶቻችን አሉ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ አባቶቻችን ማዕድ አይጋሯቸውም ነበር። ሙስሊሞች ነን ቢሉም ሙስሊሙም ይርቃቸው ነበር። ዳርቻው በሆቴልና በመዝናኛ እየተያዘ ሲሄድ ደንገሉም ራቃቸው። እኛ እዚያው ዳር ተቀምጠን የቀረሶ ዓሣ ጥብስ እያዘዝን ስለ ታንኳው ውበት እናወራለን። እኔ ራሴ ከእነሱ ጋር ያለኝ ትውውቅ ለእንግዳ መታሰቢያ በምገዛት ትንሽዬ ታንኳ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። ሃያ ብር አስቀንሼ ጀግና የሆንኩ ይመስለኛል። ቡና ጠጡ ብዬ ማንንም ቤቴ ጠርቼ አላውቅም። ይሄን ስጽፍ ነው እንኳ ያስተዋልኩት።

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ያው መሥሪያ ቤት ተመለስኩ። ያው ልጅ በመስኮቱ እጁን አውለበለበልኝ። «ተራዬ አልደረሰም» አልኩት። ያልሰማሁት መስሎት ደግሞ ጠራኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ውስጤ እየተቃጠለ ነው የቆምኩት፤ ሥራም ነበረብኝ። ልጁ ፊቱን አጠቆረብኝ። ለምሳ ሲዘጉ ከፊቴ አራት ሰው ቀርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ መጣሁ፤ ሰልፉ ግን እንደ አዲስ ተጀምሯል።